ቃል የሚበርድበት ቤት

የአገሩን ስም እኔም አልነግራችሁ፣ እናንተም አትጠይቁኝ። ጉም የማይገፈፍበት አገር ነው። ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው በድምፁ ነው። ላሞች ከጉም ይወጣሉ፣ ወደ ጉም ይገባሉ። ሕዝቡ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የቸኮለ ሰው ሲያይ፣ "ከየት አገር መጣህ?" ብሎ ይጠይቃል።

በዚያ አገር ንግሥና በዘር አይወረስም። ዘመኑ ሲደርስ ሕዝቡ ሰፊ ሜዳ ላይ ይወጣል። ሊነግሡ የሚሹ ሰዎች ተራርቀው ይቆማሉ። ሰው ሁሉ ከወደደው ሰው ጀርባ ይሰለፋል፤ ረጅሙ ሰልፍ ንጉሡን ያነግሣል። ከጉሙ የተነሣ ከማን ጀርባ እንደቆመ የማያውቅ አይጠፋም። ቢሆንም በዚያ ቀን ሁሉም ይኮራል፤ ያጠበውን ልብስ ይለብሳል።

ወደ ሜዳው የማይወጡ ሰዎች ግን አሉ። አብራጆች ይባላሉ። ማንም አልመረጣቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም። አብራጅ ሲሞት የእህቱ ልጅ ይተካዋል። አዲስ ንጉሥ ሲመጣ ተነሥተው እጅ ይነሣሉ። ንጉሡ ሲሄድም ተነሥተው እጅ ይነሣሉ። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ወንበራቸው ያው ነው።

ነገሩ ሲጀመር ክፉ አልነበረም። በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ ተቆጥቶ ስለ አንድ መንደር "ይንደድ" አለ ይባላል። የሰማው ወታደር ሮጠ፤ መንደሩ ነደደ። ወደ ማታ የንጉሡ ቁጣ ሲያልፍ፣ "እነዚያን ሰዎች ጥሩልኝ፣ ልታረቃቸው" ቢል የሚጠራ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎች አለቀሱ፤ መክረውም ደነገጉ፦ የንጉሥ ቃል ትኩስ ነው፤ ሳይበርድ ሰው አይንካው።

ከዚያ ወዲህ ንጉሥ የተናገረው ሁሉ ጋን ውስጥ ይገባል። ተቀባይ የሚባለው ሹም ጋኑን ከንጉሡ አፍ ሥር ይደቅናል። ከዳኝ የሚባለው አፉን በቆዳ ይከድናል፣ በጭቃ ይመርጋል። ተሸካሚዎች ወደ ማብረጃ ቤት ይወስዱታል። ማብረጃ ቤት ከወንዙ ዳር ያለ ረጅም አዳራሽ ነው፤ መስኮት የለውም። ጋኖቹ በተርታ ተቀምጠዋል። አብራጆቹ በመካከላቸው እየዞሩ የጋኖቹን ሆድ በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። "ገና ነው" ካሉ ጋኑ ይቆያል። "በርዷል" ከተባለ ከዳኙ መጥቶ ይከፍተዋል፤ ቃሉ ወጥቶ ይፈጸማል። "በርዷል" ማለት የሚችለው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም አውራ እጅ ይባላል።

የአብራጅ እጅ እንዳያዳላ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለ። እጁ ከልጅነቱ ጀምሮ ከተራራ በሚወርድ ውኃ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ጋን ለመንካት ካልሆነ አይወጣም። ሲርበው ያጎርሱታል። ሲያስነጥሰው ሌላ ሰው ይናፈጥለታል። ትኩስ ነገር የለመደ እጅ ፍርድ አያውቅም ይላሉ።

እንግዲህ በዚያ አገር ዋሴ የሚባል ቀንበር ጠራቢ ነበረ። ትሁኔ የምትባል ሚስት፣ ማሬ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችው። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ያን ዓመት ትኩሳት ገባና ማሬ ታመመች።

የትኩሳቱ መድኃኒት ይታወቃል። ከተራራው ማዶ ያሉ ሰዎች ያውቁታል፤ ሥሩን ቀቅለው ያጠጣሉ፣ ሕፃኑ ይነሣል። ወደ ማዶ የሚያሳልፈው ግን አንድ የድንጋይ በር ብቻ ነው። በሩን በአንድ ጦርነት ጊዜ አንድ ንጉሥ ዘጋው። ጦርነቱ ከማን ጋር እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። በሩ ግን ያለ ንጉሥ ቃል አይከፈትም።

ዋሴ ወደ ግቢ ሄደ። ንጉሡን ማየት ቀላል ነው፤ ማንም አይከለክልም። "ንጉሥን ማየት የሚያስቸግረው፣ ንጉሥ ሥራ ባለበት አገር ነው" ይላሉ የአገሩ አሽሟጣጮች።

ንጉሡ ቀድሞ የበቅሎ ነጋዴ ነበሩ። በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኛቸው።

"ምን ሆነህ ነው፣ ወንድሜ?" አሉት።

"ንጉሥ ሆይ፣ ልጄ ታማብኛለች። ትኩሳቱ ነው። የተራራው በር ይከፈትልኝ።"

"ስሟ ማነው?"

"ማሬ።"

ንጉሡ አላመነቱም። እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ተቀባዩ ጋን ታቅፎ እየተንደረደረ መጣና ከአገጫቸው ሥር ደቀነ። "ለቀንበር ጠራቢው ለዋሴ ልጅ፣ ለማሬ፣ በሩ ይከፈት። አሁኑኑ ይከፈት" አሉ። ከዳኙ ወዲያው ከደነው፤ መረገው። ጋኑ በተሸካሚ ትከሻ ላይ ሆኖ ወደ ጉሙ ገባ።

"አበቃ?" አለ ዋሴ።

"የእኔ አበቃ። ከዚህ በኋላ የእነሱ ነው።"

"ንጉሥ ሆይ፣ አብረን እንሂድና እንክፈተው። ሁለት ሰው ይበቃል፤ መቀርቀሪያው እንጨት ነው፣ አውቀዋለሁ።"

ንጉሡ ሳቁ፤ ሳቃቸው ደስ አይልም። "በነገሥሁ ዕለት ውኃ ጠማኝ አልሁ። ያንንም ቃል በጋን ወሰዱት። ውኃው የመጣው በክረምት ነው፤ ያኔ ደግሞ ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምፈልገውን በጣቴ ነው የማሳይ።"

"እንግዲያው በሩንም በጣትዎ ያሳዩልኝ።"

"አንድ ጊዜ ወደ እስር ቤቱ ጠቆምሁ። ይፈቱ ማለቴ ነበር። አብራጆቹ ተሰብስበው ሲመክሩ ሰነበቱ። አሁን ለጣቴ የሚሆን ጠባብ ጋን እያሠሩ ነው ይባላል።" ከዚያ ንጉሡ፣ "እግዜር ይማርልህ" አሉት።

ተቀባዩ ሌላ ጋን ሊያመጣ ተነሣ።

"ተዋት" አሉት ንጉሡ። "ይህችስ ምርቃት የራሴ ናት።"

ተቀባዩ ግን ግራ ገብቶት፣ ግማሽ ተነሥቶ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ።

ዋሴ ጋኑን ተከትሎ ማብረጃ ቤት ደረሰ። በዚያን ጊዜ አውራ እጅ የነበሩት አባ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠው፣ እጃቸው እስከ ክርን ውኃ ውስጥ ነበር።

"አባ፣ የልጄ ቃል አሁን ገብቷል። ይንኩልኝ።"

አባ ይርዳው እጃቸውን አወጡ። እንደተዘፈዘፈ ቆዳ ነጥቷል፣ ተጨማዷል። ጋኑን በእጃቸው ጀርባ ነኩና ወዲያው ሸሸት አደረጉት። "ኧረ ይፋጃል! ገና ነው ልጄ።"

"መቼ ይበርዳል?"

"ቃል በቀን አይለካም።"

"በምን ይለካል?"

"በእጅ።"

"ልጄ ግን በቀን ነው የምትለካው፣ አባ።"

አባ ይርዳው አዘኑ። "ለአንተው ብዬ ነው። ትኩስ ቃል ይዘህ ብትወጣ ደጅህ ላይ ትነድዳለህ። የዚያን መንደር ነገር አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው ታገሥ። ያ በግራ በኩል ያለው ጋን ይታይሃል? ቅድመ አያቴ 'ገና ነው' ብለውታል። አያቴም 'ገና ነው' ብለውታል። እኔም ትናንት ነካሁት፣ እንደ ምድጃ ነው።"

ዋሴ ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። ጋኖቹ መጨረሻ የላቸውም። ጉም በር በሩን ገብቶ በመካከላቸው ተኝቷል። አንዳንዱ ጋን ላይ ሣር በቅሏል።

ከዚያ ወዲያ ዋሴ በየማለዳው ይሄዳል፤ "ገና ነው" ይሉታል። ይመለሳል። ማሬ ከደጅ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ትጠይቀዋለች።

"አባዬ፣ በሩ ተከፈተ?"

"ሊከፈት ነው።"

"ምን እየጠበቀ ነው?"

"ቃሉ ትኩስ ነው አሉ። እስኪበርድ ነው።"

ማሬ አሰበች። ከንፈሯ ደርቋል። "እኔ ከቃሉ አልብስም እንዴ? እኔንም እዚያ ውሰደኝ፤ ያብርዱኝ።"

ትሁኔ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዋሴ የልጁን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይደርቅ ነበር።

አንድ ማለዳ ዋሴ ከማብረጃ ቤት ሲመለስ ማሬ ስለ በሩ አልጠየቀችውም።

በዚያ አገር ቃል የወጣለት ሰው ሳይፈጸምለት ከሞተ፣ አውራ እጅ ሳይነካው አይቀበርም። አውራ እጅ ነክቶ "በርዷል" ካለ ሬሳው ወደ መቃብር ይሄዳል፤ ቃሉም ከነጋኑ ወንዝ ይጣላል። ስለዚህ አባ ይርዳው በበቅሎ መጡ። አንድ አሽከር ከበቅሎዋ ጎን እየሮጠ፣ በመንገድ እጃቸው እንዳይሞቅ ውኃ የሞላ ማሰሮ ደግፎላቸዋል። እጃቸው ማሰሮው ውስጥ ነው። ውኃው እየተንቦጨረቀ አሽከሩን አበስብሶታል።

ለቀስተኛው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው። አባ ይርዳው እጃቸውን ከማሰሮው አወጡና የማሬን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ነኩ።

"ገና ናት" አሉ። "ትኩስ ናት።"

ልቅሶው ቆመ።

"ምን አሉ?" አለች ትሁኔ። "ትኩስ ናት ነው ያሉት?" ከተቀመጠችበት ተስፈንጥራ መጣች። "ማሬ! ማሬዬ! ሰምታችኋል፣ ትኩስ ናት ብለዋል! ወተት አምጡ! ምን ትገተራላችሁ፣ ወተት አምጡልኝ እንጂ!" ልጅቱን ቀና አድርጋ አፏ ላይ እፍ ትላለች፤ እግሯን ታሻለች። አንዲት ጎረቤት እውነት መስሏት ወተት ልታመጣ ሮጠች።

ዋሴም ነካት። ቀዝቃዛ ናት። ደግሞ ነካት። ለአንድ አፍታ የራሱን እጅ ተጠራጠረ። ከዚያ የአባ ይርዳውን እጅ አየ። ከጣቶቹ ውኃ ይንጠባጠባል።

ሄዶ ያንን እጅ ያዘው። ወደ ጋቢው ውስጥ አስገብቶ ብብቱ ሥር ወተፈው፤ በላዩ ላይም ክንዱን ገጠመ።

"ምን ታደርጋለህ?" አሉ አባ ይርዳው።

"ይታገሡ፣ አባ።"

"ልቀቅ!" ብሎ ጮኸ አሽከሩ። "አንተ ሰው፣ ልቀቅ እንጂ! የመንግሥት እጅ ነው! ኧረ የሰው ያለህ፣ የመንግሥትን እጅ እያሞቀብኝ ነው!"

ማንም አልተነሣም። እንዲህ ላለው ጥፋት ሕግ አልወጣም፤ ምክንያቱም ይደረጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሽከሩ ማሰሮውን እንደታቀፈ ዙሪያቸውን ይዞራል። ሁለቱ ቆመዋል። ጉሙ ወደ ቤት ገብቶ እግራቸውን ሸፈነ።

"አመመኝ" አሉ አባ ይርዳው ቆየት ብለው። "እንደ መርፌ ይወጋኛል።"

"እየመጣ ነው፤ ይታገሡ።"

አባ ይርዳው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናታቸው ስታቅፋቸው ምን ይመስል እንደነበረ ሊያስታውሱ ሞከሩ፤ መጣላቸው። ዋሴ የሽማግሌውን እጅ አወጣው። ቀልቷል። ይዞ ወሰደውና ማሬ ግንባር ላይ አኖረው፤ በጀርባው ሳይሆን በመዳፉ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አቆዩት።

"በርዳለች" አሉ። ድምፃቸው ለራሳቸውም እንግዳ ሆነባቸው። "በርዳለች፣ ልጄ። ከማለዳ ጀምሮ በርዳለች።"

ትሁኔ ልጅቱን ቀስ ብላ አስተኛቻት። ወተት ይዛ የተመለሰችው ጎረቤት በር ላይ ቀረች።

አሽከሩ ማሰሮውን አቀረበላቸው። አባ ይርዳው አልነከሩም። እጃቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በበቅሎ ሄዱ።

ማብረጃ ቤት እንደደረሱ የመጀመሪያውን ጋን ነኩ። ደነገጡ። ቀጥሎ ያለውን ነኩ። በግራ በኩል ያለውን፣ ቅድመ አያታቸው "ገና ነው" ያሉትን ነኩ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ነው።

"በርዷል" አሉ። "ክፈት።"

"የትኛው?" አለ ከዳኙ።

"ይሄ። ይሄም። ያም። ሁሉም በርዷል፣ ሁሉንም ክፈት!"

ከዳኙ ሥራው አውራ እጅ ያለውን ማድረግ ነው፤ እያከታተለ ከፈተ። ወደ ማሬ ጋን ሲደርስ ግን ቆመ። "ይሄ እንኳ ወንዝ የሚጣል ነው፣ ጌታዬ። ልጅቱ ሞታለች አይደል?"

"ቃሉ አልሞተም" አሉ አባ ይርዳው። "ክፈት።"

ያን ዕለት የሆነውን የአገሩ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቃሎቹ ከወንዙ ዳር ተነሥተው በጉሙ ውስጥ ሄዱ። የሞቱ ነገሥታት ድምፅ በየመንደሩ ተሰማ። "የቆላ ሰዎች መሬታቸው ይመለስላቸው" ይላል አንዱ። "ድልድዩ ከክረምት በፊት ይሠራ" ይላል ሌላው። "የጨው ቀረጥ ይቅር።" "እኔ አላውቅም፤ ሕዝቡን ጠይቁ።" አንድ ወጣት ድምፅ፣ "እናቴን አምጡልኝ" አለ። አንዲት አሮጊት ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ "ያ ሸማኔ ንጹሕ ነው፣ ይፈታ" ሲባል ሰማች። ሸማኔው ባሏ ነበር፤ እስር ቤት ከሞተ ቆይቷል። ተነሥታ በር ከፈተችና ወደ ጉሙ ስታይ ዋለች።

እነዚያ ቃሎች ግን አልተፈጸሙም። የሞተ ንጉሥ ቃል ይሰማል እንጂ አይፈጸምም፤ ሕጉ ነው። የሚፈጸመው በሕይወት ያለው ንጉሥ ቃል ነው።

ጋኖቹ ተከፍተው ሳያልቁ ሌሎቹ አብራጆች ደረሱ። የአባ ይርዳውን እጅ አንድ በአንድ እየነኩ፣ "ነዷል!" "እጁ ተበላሽቷል!" ተባባሉ። ሽማግሌውን ተሸክመው ወደ ገንዳው ወሰዷቸው፣ የእህታቸውንም ልጅ በቦታቸው አስቀመጡ። ሥራው አልተቋረጠም። ንጉሡ ይህን ሰምተው፣ "ማብረጃ ቤቱ ይዘጋ" ብለው ነበር ይባላል። ያም ቃል እዚያው ቤት ገብቶ እየበረደ ነው።

መቃብሩ ከተራራው ሥር፣ ከድንጋዩ በር ፊት ለፊት ነው። ዋሴና ጎረቤቶቹ ጉድጓዱን ሲቆፍሩ ድምፁ ከበላያቸው መጣ። የንጉሡ ድምፅ ነው። "ለቀንበር ጠራቢው ለዋሴ ልጅ፣ ለማሬ፣ በሩ ይከፈት። አሁኑኑ ይከፈት።"

ዋሴ ዶማውን ጣለ።

ሁለት ዘበኞች መቀርቀሪያውን አነሡ። በሩ እያቃሰተ ተከፈተ። ከማዶ ጉም የለም፤ ፀሐይ ሣር ላይ ወድቃለች። ከቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ብርሃን አይተው ስለማያውቁ ዓይናቸውን ጋረዱ።

"የዋሴ ልጅ!" ብሎ ተጣራ ትልቁ ዘበኛ። "ማሬ ዋሴ! የታለች?"

ዋሴ ወደ በሩ ሄደ።

"አባቷ አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"ፈጠን በላ! ቃሉ ለአንድ ልጅ ነው፤ እሷ እንደገባች በሩ ይዘጋል።"

"ሰው ባይገባስ?"

"ቃሉ ባለቤት ካጣ ወደ ጋኑ ይመለሳል።"

ከበሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። ከታችኛው ወንዝ የመጣች ናት። ልጇን በጀርባዋ አዝላለች፤ የልጅቱ ራስ በትኩሳት ወደ ጎን ወድቋል። ግቢ የምታውቀው ሰው የላት፣ ቃል የላት። በሩ ሲከፈት ብድግ አለች፤ ዘበኛው ግን፣ "አንቺ ቁጭ በይ፣ የሌላ ሰው ነው" ብሏት ነበርና ባለችበት ቆማለች።

ዋሴ አያት።

"ልጄ ያቻትና" አለ። "የታዘለችው።"

ዘበኛው ቀርቦ አየ። "የተሸከመቻት ማናት?"

"አክስቷ።"

ሴትዮዋ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው።

ትንሹ ዘበኛ ግን ከዋሴ ትከሻ በላይ ወደ ጉድጓዱ፣ በነጠላ ወደተሸፈነው ትንሽ አስከሬን ያይ ነበር። "እዚያ የምትቀብሩትስ ማነው?"

ዋሴ ወደ ኋላ አልዞረም።

"የሰው ልጅ ናት" አለ።

"የማን?"

ዋሴ ዓይኑን ከታዘለችው ልጅ ላይ አላነሣም። ዘበኞቹ ተያዩ። ትልቁ እጁን መቀርቀሪያው ላይ አደረገ።

ያን ጊዜ ትሁኔ ከመቃብሩ ተነሥታ መጣች። ጉልበቷ ላይ አፈር አለ። በዘበኞቹ መካከል አልፋ ሴትዮዋ ጋ ደረሰች። የራሷን መቀነት ፈታ ልጅቱ እንዳትወድቅ በእናቷ ወገብ አዙራ አሰረቻት፤ አጠበቀችው። ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ መለሰችላት። ግንባሯ ይፋጃል።

"ማሬ" አለቻት። "ማሬዬ።"

ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። የሚጠራት ማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሚጠራት ያወቀች አይመስልም። ግን አንዲት ሴት ስትጣራ ልጅ የሚመልሰውን መለሰች።

"አቤት" አለች።

ዘበኞቹ መንገዱን ለቀቁ።